የ12ኛ ክፍል ዓመት፦ ከመስከረም እስከ ዩኒቨርሲቲ በር፣ በአዲስ አበባ ዳርቻ ለምትማሩ ደረጃ በደረጃ

መስከረም በጠባ ቁጥር «ዘንድሮ 12ኛ ገባሁ፣ ከምን ልጀምር?» የሚል ጥያቄ ይመጣል። ሚያዝያ ላይ ደግሞ ሌላ ይከተላል፦ «ስሜ ፋይዳ (ብሔራዊ ዲጂታል መታወቂያ) ላይ አንድ ዓይነት፣ ትምህርት ቤት መዝገብ ላይ ሌላ ዓይነት ነው፣ ምን ላድርግ?» ለሁለቱም የሚሆነው መልስ አንድ ነው። ወረቀቱን ከመስከረም እስከ ኅዳር ጨርሱ፣ ጥናቱን በመስከረም ጀምራችሁ እስከ ሰኔ ያዙት። ጥናት በእጃችሁ ነው፣ ሌሊትም ይጠናል። ወረቀት ግን በሰው እጅ ነው። የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ፈቃድ ላይ ሊሆን ይችላል፣ ኔትወርክ ሊቋረጥ ይችላል፣ የቀድሞ ትምህርት ቤታችሁ ርዕሰ መምህር ስብሰባ ሊሄዱ ይችላሉ። በግንቦት አንድ ማኅተም ፍለጋ ሦስት ቀን ብትመላለሱ የሚባክነው የክለሳ ጊዜያችሁ ነው።

መመሪያው በኮዬ ፈጬ፣ በቱሉ ዲምቱ፣ በቦሌ አራብሳ፣ በየካ አባዶ፣ በጀሞ፣ እንዲሁም ከከተማው ወሰን አለፍ ብሎ በቡራዩ፣ በሰበታ፣ በለገጣፎና በገላን ለምትማሩ ነው። የዳርቻው ተማሪ ከመሀል ከተማው የሚለየው በሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ብዙዎቻችሁ ቤተሰብ ሲዛወር ትምህርት ቤት ስለቀየራችሁ ማስረጃችሁ በአዲስ አበባና በኦሮሚያ ትምህርት ቢሮዎች መካከል ተከፋፍሏል። ሁለተኛ፣ መንገዱ ረጅም ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ክላሰር 1፣ ውኃ የማያስገቡ የፕላስቲክ ኪሶች 10
- ጉርድ ፎቶ (3 በ4) 12፣ በቅርብ ጊዜ የተነሣችሁት
- የ8ኛ ክፍል ሚኒስትሪ ውጤት ካርድ፣ ዋናው
- የ9ኛ፣ የ10ኛና የ11ኛ ክፍል ትራንስክሪፕት ወይም ካርድ
- የልደት የምስክር ወረቀት
- የፋይዳ ምዝገባ
- በራሳችሁ ስም የወጣ ሲም ካርድ፣ የይለፍ ቃሉን እናንተ ብቻ የምታውቁት ኢሜይል
- ከ9ኛ እስከ 12ኛ ያሉት የመማሪያ መጻሕፍት፣ በወረቀት ካልሆነም በስልክ
- ያለፉት ዓመታት ብሔራዊ ፈተናዎች፣ ለእያንዳንዱ ትምህርት ቢያንስ 5
- ደብተር 3፦ ለዕቅድ፣ ለስህተት መመዝገቢያ፣ ለእንግሊዝኛ ቃላት
- ቻርጅ የሚደረግ መብራት
- የእጅ ሰዓት፣ ስማርት ያልሆነ

1. ስማችሁን በሁሉም ወረቀት ላይ አንድ አድርጉ (መስከረም)

በዚህ መመሪያ ውስጥ ሲታለፍ ትልቁን ችግር የሚያመጣው ይህ ደረጃ ነው። ለብሔራዊ ፈተና ስትመዘገቡ የገባው ስም አድሚሽን ካርዱ (የፈተና መግቢያ ካርዱ) ላይ ይወጣል፣ ከዚያ ወደ ውጤታችሁ፣ ከውጤታችሁም ወደ ዩኒቨርሲቲ መዝገብ ይሄዳል። መጀመሪያ ላይ የገባ ስህተት አብሯችሁ እየተጓዘ ነው የሚኖረው።

ያሏችሁን ማስረጃዎች በሙሉ ጠረጴዛ ላይ ዘርጉ። በዕቅድ ደብተራችሁ ላይ ሠንጠረዥ ሥሩና ከእያንዳንዱ ወረቀት የራስን ስም፣ የአባትን፣ የአያትን፣ የትውልድ ቀንንና ጾታን እንዳለ ገልብጡ። በአማርኛው ብቻ አትርኩ፤ በላቲን ፊደል የተጻፈውን ፊደል በፊደል አወዳድሩ። ብዙ ጊዜ የሚገኙት ልዩነቶች እነዚህ ናቸው።

*ጥምር ስም።* ገብረ መድኅን፣ ወልደ ሚካኤል፣ ኃይለ ኢየሱስ፣ አብዱ ረህማን የመሳሰሉት ስሞች አንዱ ወረቀት ላይ ተያይዘው፣ ሌላው ላይ ተነጥለው ይገኛሉ። ኮምፒውተር ክፍተት ሲያይ አዲስ ስም የጀመረ ይመስለዋል። «ገብረ» የራስ ስም፣ «መድኅን» የአባት ስም ይሆንና አያት ከመዝገቡ ይወጣሉ። አያይዛችሁ መጻፍን ምረጡ፣ የመረጣችሁትንም በሁሉም ቦታ ተጠቀሙ።

*የቁቤ አጻጻፍ።* እስከ 8ኛ ክፍል በኦሮሚያ ትምህርት ቤት ተምራችሁ ከሆነ ካርዳችሁ በቁቤ፣ ማለትም አፋን ኦሮሞ በሚጻፍበት የላቲን ፊደል፣ ሥርዓት ተጽፎ ሊሆን ይችላል። ጫላ በቁቤ በ«ሲ» ብቻ ይጀምራል፣ አናባቢዎቹም ይደገማሉ፤ በእንግሊዝኛ ልማድ ሲጻፍ ግን «ሲ» እና «ኤች» ሆኖ አናባቢው ይነጠላል። ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ ለሥርዓቱ ግን ሁለት ሰው ናቸው። ፋይዳችሁና የ12ኛ ክፍል መዝገባችሁ በአንዱ እንዲስማሙ አድርጉ።

*የቤት ስምና የመዝገብ ስም።* ሰፈር የሚያውቃችሁ በአንድ ስም፣ የልደት የምስክር ወረቀቱ በሌላ ከሆነ የሚጸናው የልደት የምስክር ወረቀቱ ነው።

*የትውልድ ቀን።* ከኢትዮጵያ ወደ አውሮፓ አቆጣጠር ሲቀየር ሁልጊዜ 8 ዓመት የሚደምር ሰው አለ። ልዩነቱ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛ ሳምንት 7 ዓመት፣ ከዚያ በኋላ 8 ዓመት ነው። ጥቅምት 5 ቀን 2000 የተወለደ ኦክቶበር 16 ቀን 2007 ይሆናል፤ ሚያዝያ 5 ቀን 2000 የተወለደ ደግሞ ኤፕሪል 13 ቀን 2008።

ልዩነት ካገኛችሁ መጀመሪያ መሠረቱን፣ ማለትም የልደት የምስክር ወረቀቱን፣ በወረዳችሁ ሲቪል ምዝገባ ጽሕፈት ቤት አስተካክሉ። ከዚያ ፋይዳን፣ በመጨረሻ የትምህርት ቤቱን መዝገብ። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ አንዱን ወረቀት ሁለት ጊዜ ማስለወጥ ይመጣል።

2. ፋይዳ አውጡ (እስከ ጥቅምት መጨረሻ)

የ12ኛ ክፍል ተፈታኝ ፋይዳ እንዲኖረው ይጠየቃል። ምዝገባው በነጻ ነው፣ በኢትዮ ቴሌኮም ማዕከላትና በተለያዩ ባንኮች ይካሄዳል። የልደት የምስክር ወረቀት ወይም የታደሰ መታወቂያ ይዛችሁ ሂዱ። በዳርቻ ሰፈሮች ቅዳሜ ወረፋው ስለሚረዝም የሥራ ቀን ጠዋት ይሻላል።

ሦስት ነገር ላይ አትሳሳቱ። የምታስመዘግቡት ስልክ ቁጥር የራሳችሁ ይሁን። የማረጋገጫ ኮድ የሚላከው ወደዚያ ቁጥር ስለሆነ፣ በጎረቤት ወይም በአጎት ስልክ የተመዘገበ ተማሪ ኮዱ በተፈለገበት ሰዓት ያንን ሰው ማሳደድ አለበት። መዝጋቢው ስማችሁን ጽፎ ሲጨርስ ስክሪኑን እንዲያሳያችሁ ጠይቁና ደረጃ 1 ላይ ከሠራችሁት ሠንጠረዥ ጋር አወዳድሩ፤ እዚያው ማረም የደቂቃ ሥራ ነው። በመጨረሻ፣ በአጭር መልእክት የሚመጣው የፋይዳ ቁጥር 12 አኃዝ ያለው ሲሆን ካርዱ ላይ የሚገኘው 16 አኃዝ ነው። ትምህርት ቤቱ የትኛውን እንደሚፈልግ ጠይቃችሁ ስጡ። ሁለቱንም ደብተራችሁ ላይ ጻፉ።

3. የቀድሞ ማስረጃችሁን ሰብስቡ (እስከ ኅዳር)

9ኛንና 10ኛን በአንድ ትምህርት ቤት፣ 11ኛንና 12ኛን በሌላ የተማራችሁ ከሆነ ትራንስክሪፕቱን አሁን አስወጡ። ሦስት ነገር ተመልከቱ፦ ፎቶው ላይ ማኅተም አርፏል ወይ? የፈራሚው ስምና ቀን አለ ወይ? ውጤቱ ከካርዳችሁ ጋር ይስማማል ወይ? ማኅተሙ ደብዛዛ ከሆነ እዚያው መልሱት። ዩኒቨርሲቲ ደርሳችሁ ሬጅስትራሩ «አይነበብም» ሲል ከጎንደር ወይም ከአርባ ምንጭ ተመልሶ የሚያስለውጥላችሁ የለም።

የ8ኛ ክፍል ካርድ የጠፋበት ተማሪ ምትክ የሚጠይቀው ፈተናውን ከወሰደበት ክልል ወይም ከተማ አስተዳደር ትምህርት ቢሮ ነው። ዛሬ የሚማርበት ቦታ ለዚህ አይረዳውም። 8ኛን ሰበታ ተፈትኖ አሁን ጀሞ የሚማር ልጅ ወደ አዲስ አበባ ትምህርት ቢሮ ቢሄድ በከንቱ ይደክማል። የጠፋበትን የሚገልጽ የፖሊስ ማስረጃ ቀድማችሁ ያዙ።

ሁሉም ሲሟላ እያንዳንዱን በ5 ኮፒ አባዙ፣ በስልክም በጥሩ ብርሃን አንሥታችሁ ኢሜይላችሁ ላይ አስቀምጡ። ዋናውን ላሚኔት አታስደርጉ። ላሚኔት በተደረገ ወረቀት ላይ ማኅተም አያርፍም፣ የማኅተሙን እውነተኛነት ማረጋገጥም ያስቸግራል።

4. የጥናቱን ሒሳብ ሥሩ

ፈተናው 6 ትምህርት ነው። ለተፈጥሮ ሳይንስ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂና አፕቲትዩድ (የማመዛዘን ችሎታ ፈተና)፤ ለማኅበራዊ ሳይንስ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ ጂኦግራፊ፣ ታሪክ፣ ኢኮኖሚክስና አፕቲትዩድ። እያንዳንዱ ከ100፣ በድምሩ ከ600። ወደ ዩኒቨርሲቲ በቀጥታ ለመግባት የሚጠየቀው 50 በመቶ ነው፣ ማለትም 300።

ይህን ቁጥር ልብ በሉት፣ ዕቅዱን የሚለውጠው እሱ ነው። አንድ የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ በሒሳብ 38፣ በፊዚክስ 40፣ በኬሚስትሪ 50፣ በባዮሎጂ 55 ቢያመጣ እስካሁን 183 ነው። እንግሊዝኛ 62ና አፕቲትዩድ 60 ከሆኑለት 305 ሆኖ ያልፋል። ሁለቱን ችላ ብሎ 45፣ 45 ቢያመጣ ግን 273 ላይ ይቀራል። ፊዚክስን ከ40 ወደ 60 ለማንሣት ከሚፈጀው ጊዜ ይልቅ አፕቲትዩድን ከ45 ወደ 60 ለማንሣት የሚፈጀው ያንሳል፤ የጥያቄ ዓይነቶቹ ይደጋገማሉና። የቁጥር ቅደም ተከተል፣ የቃላት ዝምድና፣ ንጽጽርና ከአንቀጽ ድምዳሜ ማውጣት በልምምድ የሚለመዱ ናቸው። መማሪያ መጽሐፍ ስለሌለው ብቻ ብዙዎች እስከ ግንቦት አይነኩትም።

ጥያቄዎቹ ከ12ኛ ክፍል ብቻ አይወጡም። ስለዚህ ከ9ኛ እስከ 11ኛ ያለውን እንዲህ አድርጋችሁ ክፈሉት። 5 ትምህርት በ3 ክፍል 15 መጽሐፍ ነው። ከመስከረም 15 እስከ ሚያዝያ 15 ድረስ 210 ቀን፣ ማለትም 30 ሳምንት አለ። ለአንድ መጽሐፍ 2 ሳምንት ደረሰ ማለት ነው። 12ኛውን ትምህርት ቤቱ ራሱ ያስተምራችኋል። ከሚያዝያ 15 እስከ ሰኔ 20 ያለው 9 ሳምንት ያህል ጊዜ ለአሮጌ ፈተናዎች ብቻ ይቀመጥ።

በሳምንት 14 ሰዓት ይበቃል፦ ከሰኞ እስከ ዓርብ ማታ ሁለት ሁለት ሰዓት፣ ቅዳሜ 4 ሰዓት። ከዚህ 9ኙን ለአሮጌው መጽሐፍ፣ 3ቱን ለ12ኛ ክለሳ፣ 2ቱን ለአፕቲትዩድ አውሉ። መጽሐፉ 6 ምዕራፍ ቢኖረው በ2 ሳምንት ውስጥ ለእያንዳንዱ ምዕራፍ 3 ሰዓት ይደርሰዋል፤ 1 ሰዓት ማንበብ፣ 1 ሰዓት ተኩል መልመጃ መሥራት፣ ግማሽ ሰዓት መጽሐፉን ዘግቶ የቀረውን በባዶ ወረቀት ላይ መጻፍ። የመጨረሻዋን ግማሽ ሰዓት አትዝለሏት። ሲያነቡ የገባ የመሰለው ነገር ስንቱ እንደቀረ የሚታየው በባዶው ወረቀት ላይ ነው።

እሑድ ዕረፉ። የጾም ወራት ሲገቡ፣ ሁዳዴም ይሁን ረመዳን፣ ሰዓቱን ወደ ንጋት አዛውሩት እንጂ አትቀንሱት።

5. የጥናት ቦታና መብራት

ኮንዶሚኒየም ውስጥ ከታናናሾች ጋር አንድ ክፍል የምትጋሩ ከሆነ በትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ከክፍል በኋላ 1 ሰዓት ተኩል መቆየት ቤት ሄዶ 3 ሰዓት ከመቀመጥ ይበልጣል። 4 ኪሎ ያለው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ሰፊና ጸጥ ያለ ነው፤ ከቱሉ ዲምቱ ወይም ከሰበታ ግን ደርሶ መልስ መንገዱ የግማሽ ቀን ጥናት ይበላል። ቅዳሜ ብቻ ካልሆነ አይመከርም። መብራት ሲጠፋ ሻማ ከመጽሐፍና ከአልጋ መጋረጃ አጠገብ አታብሩ፤ ቻርጅ የሚደረገውን መብራት ኤሌክትሪክ ባለበት ሰዓት ሁልጊዜ ሙሉ አድርጋችሁ አስቀምጡ።

6. አሮጌ ፈተናዎችን እንደ ፈተና ሥሩ (ከሚያዝያ 15 ጀምሮ)

አሮጌ ፈተና መልሱን እያዩ ማንበብ ጥናት ይመስላል፤ የሚያሳውቀው ግን ጥቂት ነው። እንዲህ ሥሩ።

ሀ. የፈተናውን ሽፋን ተመልከቱና የተሰጠውን ደቂቃ ለጥያቄው ብዛት አካፍሉ። 120 ጥያቄ በ120 ደቂቃ ከሆነ ለአንዱ 1 ደቂቃ ነው። ሒሳብ ላይ ለአንዱ ጥያቄ የሚደርሰው ከዚህ ይበልጣል፣ ስለዚህ ለየትምህርቱ ለየብቻ አስሉ።

ለ. ስልኩን ዝጉ፣ ካልኩሌተሩን አርቁ። በፈተናው ካልኩሌተር አይፈቀድም። ዓመቱን ሙሉ በስልክ ሲያካፍል የኖረ ተማሪ በወረቀት ማካፈል ላይ ደቂቃዎቹን ይጨርሳል። ክፍልፋይ፣ ስኩዌር ሩትና የአሥር አርቢ ቁጥሮችን በእጅ መሥራት ከጥቅምት ጀምሮ ልመዱ።

ሐ. ሦስት ዙር ሂዱ። በመጀመሪያው ዙር የምታውቁትን ብቻ ሥሩ፣ በሁለተኛው ማሰብ የሚጠይቁትን ሥሩ፣ በሦስተኛው የቀረውን ገምቱ። ባዶ የተተወ ጥያቄ በእርግጥ ዜሮ ነው፤ ከአራት ምርጫ ሁለቱን መጣል ከቻላችሁ ግን ዕድላችሁ ግማሽ ሆነ።

መ. ካረማችሁ በኋላ የተሳሳታችሁትን እያንዳንዱን ጥያቄ በስህተት ደብተሩ ላይ ከምክንያቱ ጋር መዝግቡ፦ «አላውቀውም ነበር»፣ «ጥያቄውን አጣምሜ አነበብኩ»፣ «ስሌት ተሳሳትኩ»፣ «ሰዓት አለቀ»። ከሦስት ፈተና በኋላ የትኛው እንደሚበዛ ቁጠሩ። «አላውቀውም» ከበዛ ወደ መጽሐፉ ተመለሱ። «አጣምሜ አነበብኩ» ከበዛ ግን ተጨማሪ ንባብ አያድናችሁም፤ መዳኛው የእንግሊዝኛ ቃላት ደብተሩ ነው።

ይህ የመጨረሻው በአማርኛ ወይም በአፋን ኦሮሞ እስከ አንደኛ ደረጃ ለተማረ ልጅ ከሚታሰበው በላይ ወሳኝ ነው። ባዮሎጂውን እያወቀ «ኖት» (አይደለም)፣ «ኤክሴፕት» (በስተቀር)፣ «ሊስት» (ከሁሉ ያነሰ) የሚሉትን ቃላት ሳያይ አልፎ ተቃራኒውን የሚመርጥ ተማሪ ብዙ ነው። ጥያቄ ባነበባችሁ ቁጥር እነዚህን ቃላት በእርሳስ ክበቡ። ለየትምህርቱ 100 የሚደጋገሙ የጥያቄ ቃላትን በደብተሩ ላይ ሰብስቡ።

ሠ. መልሱን በመልስ ወረቀት መሰል ክብ ላይ አጥቁሩ። በየ10 ጥያቄው ቁጥሩ መግጠሙን አረጋግጡ። 23ኛን ዘሎ የ24ኛውን መልስ 23 ላይ ያጠቆረ ልጅ ከዚያ በታች ያለው ሁሉ ተንሸራቶበታል።

7. ምዝገባውን በዓይናችሁ አረጋግጡ

ምዝገባው በትምህርት ቤታችሁ በኩል በኦንላይን ይከናወናል፤ የሚያስፈጽመውም የትምህርት ምዘናና ፈተናዎች አገልግሎት ነው። መዝጋቢው መምህር በቀን የብዙ ልጅ ስም ስለሚያስገቡ መሳሳት አለ። «ተመዝግበሃል» የሚለው ቃል አይበቃችሁም፤ የገባውን መረጃ ካልተቻለ በስክሪን፣ ከተቻለ በታተመ ወረቀት እዩት። ስም፣ ጾታ፣ ፎቶ፣ የትምህርት ዘርፍ (ተፈጥሮ ወይስ ማኅበራዊ)። ዘርፉ ተሳስቶ የገባበት ልጅ ያልተማረውን ፈተና ይጠብቀዋል።

የማየት፣ የመስማት ወይም ሌላ ጉዳት ያለበት ተማሪ ልዩ ድጋፍ እንደሚያስፈልገው በምዝገባው ጊዜ ማሳወቅ አለበት። የፈተናው ዕለት መንገር ዘግይቷል።

አድሚሽን ካርዱ ሲደርሳችሁ የመለያ ቁጥሩን ሦስት ቦታ ጻፉ፤ ውጤት የሚታየው በእሱ ነው።

8. በኮምፒውተር የምትፈተኑ ከሆነ

ፈተናው ለከፊሉ ተማሪ በወረቀት፣ ለከፊሉ በኮምፒውተር ይሰጣል። በኮምፒውተር ከተመደባችሁ በስልክ መለማመድ አይበቃም፤ ማውስ ይዞ ረጅም አንቀጽ ወደታች እየገፉ ማንበብ ሌላ ልማድ ነው። በትምህርት ቤቱ የአይሲቲ ክፍል ቢያንስ 4 ጊዜ፣ በእያንዳንዱ አንድ ሰዓት ተቀመጡ። ስሌቱን በተፈቀደላችሁ ወረቀት ላይ የጥያቄውን ቁጥር እየጻፋችሁ ሥሩ፤ ተመልሳችሁ ስታዩ እንዳትጠፉ። ስክሪኑ ቢቆም ወይም መብራት ቢቋረጥ እጃችሁን አንሥታችሁ ለፈታኙ ንገሩ እንጂ ኮምፒውተሩን ራሳችሁ አታጥፉ።

9. የፈተናው ሳምንት

ፈተናው ሰኔ መጨረሻና ሐምሌ መጀመሪያ አካባቢ በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ይሰጣል። ያ ጊዜ በዳርቻው ሰፈር ዝናብና ጭቃ ነው፤ ባጃጅ ያልተጠረገ መንገድ ላይ ይቆማል፣ ታክሲ ላይ ሰልፍ ይረዝማል። ተመላልሳችሁ የምትፈተኑ ከሆነ አንድ ሳምንት ቀድማችሁ በሥራ ቀን፣ በዚያው ሰዓት እስከ ግቢው በር ሄዳችሁ ስንት ደቂቃ እንደፈጀ መዝግቡ። በዚያ ላይ 1 ሰዓት ጨምሩ። ግቢ ውስጥ የምታድሩ ከሆነ አንሶላ፣ ብርድ ልብስ፣ ሹራብ፣ ሳሙናና የዘወትር መድኃኒት ያዙ።

አድሚሽን ካርድ፣ መታወቂያ፣ 3 የተቀረጸ እርሳስ፣ ላጲስና መቅረጫ በአንድ የፕላስቲክ ኪስ ይሁኑ። በወረቀት ከሆነ ከሁሉ በፊት የጥያቄ ደብተሩን ኮድ መልስ ወረቀቱ ላይ አጥቁሩ። የደብተሮቹ ቅደም ተከተል ስለሚለያይ ኮዱ ከተሳሳተ ትክክለኛ መልሳችሁ በሌላ ደብተር ቁልፍ ይታረማል።

ማስጠንቀቂያ፦

- ስልክ፣ ስማርት ሰዓት፣ የጆሮ ማዳመጫ ጠፍተውም ቢሆን ወደ ግቢው አታስገቡ። መያዝ ብቻውን ውጤት ያሰርዛል። ጌጣጌጥም ቤት ይቅር።
- «የተሰረቀ ፈተና» በቴሌግራም የሚሸጥላችሁን ሰው አትመኑ። ገንዘባችሁንም የመጨረሻውን የክለሳ ሌሊታችሁንም ይወስዳል።
- ለምዝገባ፣ ለውጤት ወይም ለምደባ «እኔ አስጨርስላችኋለሁ» ለሚል ደላላ የፋይዳ ቁጥርና የማረጋገጫ ኮድ አትስጡ።
- ወላጆች፣ በፈተናው ሳምንት ልጁን ለለቅሶም ሆነ ለሠርግ ሥራ አታሰማሩ። እንቅልፍ ያጣ ልጅ የሚሳሳተው የሚያውቀውን ነው።

10. ከፈተና በኋላ እስከ ምደባ

ውጤት አብዛኛውን ጊዜ በጳጉሜንና በመስከረም መካከል ይወጣል። ውጤቱን ራሳችሁ ገብታችሁ እዩ፣ ስክሪኑን አንሡ፣ የ6ቱን ድምር በእጃችሁ ደምሩ። አንድ ትምህርት ዜሮ ወይም ባዶ ከሆነ ቅሬታ ማቅረቢያው የሚከፈተው ለጥቂት ቀናት ነውና በዚያው ቀን አስገቡ።

50 በመቶና በላይ ካመጣችሁ የዩኒቨርሲቲ ምርጫ በትምህርት ሚኒስቴር ሥርዓት ይሞላል። ኢንተርኔት ቤት ውስጥ ባለቤቱ «ቁጥርህን ስጠኝ፣ እኔ ልሙላልህ» ይላል፤ ራሳችሁ ሙሉ፣ የይለፍ ቃሉን ወዲያው ቀይሩ፣ ከመውጣታችሁ በፊት ከአካውንቱ ውጡ። ሁሉንም የምርጫ ቦታ ሙሉ። የመጀመሪያዎቹን ብቻ ሞልቶ የተወ ተማሪ ቦታ ሲያጣ ሥርዓቱ ባላሰበው ቦታ ይመድበዋል። የጤና እክል ያለበት የሐኪም ማስረጃውን ከምደባው በፊት ያቅርብ።

የራሳቸው ፈተና ያላቸውን ለየብቻ ተከታተሉ። ቂሊንጦ ያለው የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲና የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ለተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪዎች የመግቢያ ፈተና ይሰጣሉ። ራስ ገዝ የሆነው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም የራሱ አለው። የምዝገባ ቀናቸው አጭር ስለሆነ ውጤት ከወጣ በኋላ ማስታወቂያቸውን በየቀኑ እዩ። ለእነዚህ ፈተናዎች ሒሳብ፣ ፊዚክስና እንግሊዝኛ በነሐሴ እንዳይበርድ በቀን 1 ሰዓት ያዙ።

ከ50 በታች ከሆነ በየዓመቱ ትምህርት ሚኒስቴር በሚያወጣው መቁረጫ ነጥብ የሪሚዲያል ትምህርት አለ፤ ተማሪው በዩኒቨርሲቲ ወራት ተምሮ ፈተናውን ሲያልፍ ወደ አንደኛ ዓመት ይገባል። የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅም ክፍት ነው። የግል ኮሌጅ ከሆነ ክፍያ ከመክፈላችሁ በፊት የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ዕውቅና መኖሩን አረጋግጡ። ዕውቅና የሚሰጠው ለትምህርት መስኩ፣ ለደረጃውና ለካምፓሱ ለየብቻ ነው። ኮሌጁ መሀል ከተማ በአካውንቲንግ ዕውቅና ስላለው ሰፈራችሁ በከፈተው ቅርንጫፍ ነርሲንግ ማስተማር ይችላል ማለት አይደለም። ሦስቱም የተጻፉበትን ደብዳቤ አሳዩኝ በሉ።

11. ወደ ግቢ ስትሄዱ

ዩኒቨርሲቲዎች በጥሪ ማስታወቂያቸው የሚጠይቁት ከሞላ ጎደል አንድ ነው፦ የ8ኛ ክፍል ካርድ፣ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ትራንስክሪፕት፣ የብሔራዊ ፈተናው ውጤት፣ ዋናውና ኮፒው፤ 3 በ4 ጉርድ ፎቶ 4 ያህል፣ አንሶላ፣ ብርድ ልብስ፣ የትራስ ጨርቅና የስፖርት ልብስ። በኅዳር የሠራችሁት ክላሰር ላይ የ12ኛውን ትራንስክሪፕትና ውጤቱን ብቻ ትጨምራላችሁ። የወጪ መጋራት ውል (ከትምህርት ወጪው ድርሻችሁን በኋላ ለመክፈል) ስለምትፈርሙ የወላጅን ሙሉ ስም እስከ አያት፣ አድራሻና ስልክ ጽፋችሁ ያዙ።

ቦርሳችሁ አውቶቡሱ ጣሪያ ላይ ይጫናል። ክላሰሩ ግን ጭናችሁ ላይ ይሁን፤ ዝናብ ከሸራ ሥር ይገባል፣ ሻንጣም መንገድ ላይ ይቀያየራል። የኮፒውን አንድ ስብስብ ለእናት ወይም ለአባት ቤት ትታችሁ ሂዱ።